ከ61.3 ወደ 82.7፦ የነርሲንግ መግቢያ ፈተናን ሁለቴ የወሰድኩበት መንገድ

ኦክቶበር 2022 የመጀመሪያውን ፈተና ስጨርስ ስክሪኑ ላይ 61.3 የሚል ቁጥር መጣ። ልገባበት የፈለግኩት ፕሮግራም ከ70 በታች አይቀበልም ነበር። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተሩን ሳላስነሳ ብዙ ቆየሁ። አራት ወር ሙሉ አጥንቼ ነበር። ሌሊት በምሠራበት ቤት፣ ምሳ እየሠራሁ፣ ልጄን እያስተኛሁ። ያን ሁሉ ለፍቼ ይህ ቁጥር እንዴት እንደመጣ ሊገባኝ አልቻለም።

አሁን ይገባኛል። አራቱን ወር ያጠናሁት የምወደውን ነው። የምፈራውን ሳልነካው ፈተና ገባሁ።

ይህን የምጽፈው በሲኤንኤነት፣ ማለትም በነርስ ረዳትነት፣ ወይም በሆም ኬር፣ ሰው ቤት ሄዶ በመንከባከብ፣ እየሠራችሁ ነርሲንግ ለመግባት ለምታስቡ ነው። በተለይ ሌሊት ሠርታችሁ፣ ቀን ልጅ ይዛችሁ፣ በመሀል መጽሐፍ ለምትገልጡ። እኔ ወደ ሜሪላንድ የመጣሁት በ2019 በዲቪ ነው። አገር ቤት አካውንቲንግ ተምሬ ባንክ ሠርቻለሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ እንደገባሁ እንደ ብዙዎቻችን የሲኤንኤ ኮርስ ወሰድኩ፤ ሥራ ጀመርኩ። ነርስ የመሆን ሐሳብ የመጣልኝ ሥራው ላይ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጅ እንደምጽፍ ልብ በሉልኝ።

ፈተናው ቲስ ይባላል። የሚያዘጋጀው ኤቲአይ የሚባል ድርጅት ነው። 170 ጥያቄ አለው። ከእነዚህ 20ዎቹ ለሙከራ የገቡ ስለሆኑ አይቆጠሩም፤ የትኞቹ እንደሆኑ ግን አይነገራችሁም። የሚቆጠረው 150 ነው። ጊዜው 209 ደቂቃ ነው፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ማለት ነው። መጀመሪያ ንባብ ይመጣል፤ 45 ጥያቄ በ55 ደቂቃ። ቀጥሎ ሒሳብ፤ 38 ጥያቄ በ57 ደቂቃ። ከሒሳብ በኋላ አሥር ደቂቃ ዕረፍት አለ። ከዚያ ሳይንስ 50 ጥያቄ በ60 ደቂቃ፣ መጨረሻ ላይ የእንግሊዝኛ ቋንቋ 37 ጥያቄ በ37 ደቂቃ። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም። ስለዚህ አንድም ጥያቄ ባዶ አትተዉ። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል የቀረውን ሁሉ በግምትም ቢሆን ሙሉት።

አሁን ወደ 61.3 ልመለስ። የውጤት ወረቀቱ በየክፍሉ ፐርሰንት ያሳያል። ሦስት ቀን አላየሁትም። በአራተኛው ቀን ባለቤቴ «አንቺ የሒሳብ ሠራተኛ አይደለሽ እንዴ? ቁጥሩን አስሊው እንጂ» አለኝ። ወረቀት አወጣሁ። ፐርሰንቱን ወደ ጥያቄ ብዛት መለስኩት። ሒሳብ ከሚቆጠሩት 34 ጥያቄዎች 29 አግኝቻለሁ። ሳይንስ ከ44 28። ንባብ ከ39 20። እንግሊዝኛ ከ33 15። ሲደመር 92 ነው። 92 ለ150 ሲካፈል 61.3 ይመጣል።

ያን ወረቀት ሳየው ዓይኔ ተገለጠ። ሒሳብ ላይ ከዚህ በኋላ ቀን ከሌሊት ብሠራ የምጨምረው ቢበዛ አምስት ጥያቄ ነው። ንባብና እንግሊዝኛ ላይ ግን 37 ጥያቄ መሬት ወድቆ ቀርቷል። እኔ ደግሞ ለአራት ወር በየቀኑ የማጠናው ሒሳብ ነበር። ሒሳብ ስሠራ ልቤ ይረጋጋል። መልሱ ትክክል ሲሆን ያጠናሁ ይመስለኛል። የእንግሊዝኛውን ምዕራፍ ስከፍተው ግን እንቅልፌ ይመጣል፤ «ነገ» እልና እዘጋዋለሁ። ነገ የተባለው እስከ ፈተናው ቀን ድረስ አልመጣም።

ለዚህ ነው መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ሙሉ የልምምድ ፈተና ውሰዱ የምለው። ምንም ሳታጠኑ፣ ሰዓት ይዛችሁ፣ ስልክ አጥፍታችሁ። ውጤቱ ያሳፍር ይሆናል። ግድ የለም፣ ከእናንተ በቀር ማንም አያየውም። ከዚያ እንደኔ በየክፍሉ ስንት ጥያቄ እንደወደቀባችሁ ቁጠሩ። ፐርሰንቱን ሳይሆን ብዛቱን። ብዙ የወደቀበት ክፍል ቀዳሚው ነው። ኤቲአይ ራሱ የሚሸጣቸው የልምምድ ፈተናዎች አሉ። ከሌሎቹ ይልቅ ለእውነተኛው ፈተና የሚቀርቡት እነሱ ሆነው አግኝቻቸዋለሁ። አንዱን መጀመሪያ ላይ ተጠቀሙበት፤ ሌላውን ለመጨረሻው ሳምንት አስቀምጡት።

ሁለተኛው ስህተቴ መጽሐፉ ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እሷ አልፋበት በደግነት የሰጠችኝ መጽሐፍ ነበር። ሽፋኑ ላይ ስድስተኛው ዕትም እንደሆነ ተጽፏል። እኔ ግን ነገሬ አላልኩትም። ፈተናው በጁን 2022 ወደ ሰባተኛው ተቀይሯል። በድሮው ሳይንስ ከሚቆጠሩት 47 ጥያቄዎች 32ቱ ስለ ሰው አካል ነበሩ። በአዲሱ ከ44 ጥያቄዎች ስለ ሰው አካል የሚጠይቁት 18 ብቻ ናቸው። ባዮሎጂ 9፣ ኬሚስትሪ 8፣ ሳይንሳዊ አስተሳሰብ የሚሉት ደግሞ 9 ሆኗል። እኔ አናቶሚና ፊዚዮሎጂን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ቀድሜ ወስጄ ነበር። ሳይንስ ያኮራኝ ነበር። ፈተናው ላይ ስለ ሞለኪውልና ስለ አሲድ ሲጠይቀኝ ክው አልኩ።

የጥያቄው ዓይነትም ተቀይሯል። ድሮ ከአራት አንድ መምረጥ ነበር። አሁን ትክክል የሆኑትን ሁሉ ምረጡ የሚል አለ። ቅደም ተከተል አስይዙ የሚል አለ። ሥዕል ላይ ቦታውን ንኩ የሚል አለ። ባዶ ቦታ በራሳችሁ ቁጥር ሙሉ የሚልም አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋቸው እዚያው ፈተና ክፍል ውስጥ ነው።

መጽሐፍ የሚሰጣችሁ ሰው ካለ አመስግናችሁ ተቀበሉ፤ ግን ሽፋኑን እዩ። ዕትሙ ካለፈ ለሒሳብ ልምምድ ብቻ አድርጉት። አዲሱን መጽሐፍ ለመግዛት ገንዘቡ ከከበዳችሁ ላይብረሪ ጠይቁ። ፋርማሲ ለምታስቡም አንድ ነገር ልጨምር። ፒካት የሚባለው የፋርማሲ መግቢያ ፈተና ከ2024 መጀመሪያ በኋላ ቀርቷል። እስከ ዛሬ መጽሐፉን በቅናሽ የሚሸጥ ሰው ስላየሁ ነው።

ደግሞም ሁሉም የነርሲንግ ትምህርት ቤት ቲስን አይጠይቅም። ሄሲ የሚባለውን የሚፈልጉ አሉ። ምንም ፈተና የማይጠይቁም አሉ። ጎረቤቴ ሁለት ወር ለቲስ ካጠናች በኋላ ነው የእሷ ትምህርት ቤት የሚቀበለው ሄሲን መሆኑን ያወቀችው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱን ቀድማችሁ ምረጡ። ከዚያ እነዚህን በኢሜይል ጠይቁ፤ በቃል የተነገረ ይረሳል። የትኛውን ፈተና ነው የምትቀበሉት? ዝቅተኛው ውጤት ስንት ነው? በዓመት ስንት ጊዜ መፈተን ይቻላል? በመሀል ስንት ቀን መጠበቅ አለብኝ? ውጤቱ ለስንት ዓመት ያገለግላል? ቤት ሆኜ በካሜራ የወሰድኩትን ትቀበላላችሁ? የየትምህርት ቤቱ መልስ ይለያያል። እኔ ኦክቶበር ላይ ከመፈተኔ በፊት አንድ የኮሌጅ አማካሪ በቃል የነገረኝን ይዤ ነበር የሄድኩት። የነገረኝ ግማሹ ያለፈው ዓመት ደንብ ነበር።

አንድ ሌላ ነገርም መናገር አለብኝ። ከወደቅኩ በኋላ በጣም ተስፋ ቆርጬ ነበር። በዚያው ሰሞን አንድ ሰው በቴሌግራም «ትክክለኛው የፈተና ጥያቄ ከነመልሱ አለኝ» አለኝ። 60 ዶላር ላክሁለት። የመጣልኝ ፋይል እዚያ ባልደረባዬ የሰጠችኝ የድሮ መጽሐፍ ውስጥ ያሉት ጥያቄዎች ነበሩ። ገጹ ሁሉ አንድ ነው። ስንት ሰዓት ቆሜ ያገኘሁት ብር ነው የሄደው። እውነተኛ የፈተና ጥያቄ ቢሆን ኖሮ ደግሞ የባሰ ነበር። ውጤት ሊያሰርዝ፣ ገና ከበሩ ሊያስባርር ይችላል። የታመመ ሰው አደራ የሚሰጠው ሙያ ውስጥ በዚያ በር መግባት አልፈልግም። ያን ቀን ለአንድ አፍታ ፈልጌ ስለነበር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሁለተኛውን ዝግጅት በኖቬምበር ጀመርኩ። ደብተር ገዛሁ። የተሳሳትኩትን እያንዳንዱን ጥያቄ እጽፋለሁ። ከጎኑ ለምን እንደተሳሳትኩ እጽፋለሁ። «አላውቀውም»፣ «ቸኮልኩ»፣ «ጥያቄውን አላነበብኩትም»፣ «ከሁለቱ ተምታታብኝ»። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቆጠርኳቸው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት «አላውቀውም» አልነበሩም። ጥያቄው ውስጥ «በስተቀር» የሚል ቃል እያለ ዘልዬው፣ «ከሁሉ ይበልጥ» የሚለውን ሳላይ፣ አሃዱን ሳልቀይር። ከዚያ በኋላ ጥያቄውን በከንፈሬ ሳላነብ መልስ መንካት አቆምኩ።

እንግሊዝኛው ላይ ረዘም አድርጌ ልናገር። እኛ የምንወድቅበት ምክንያት አለ፤ ማንም አልነገረኝም ነበር። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። አማርኛችን ነው።

አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። «ተነስቼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ቁርስ በልቼ፣ ልጄን አድርሼ ወደ ሥራ ሄድኩ» ብንል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ማንም አይቆጣንም። ነጠላ ሰረዙ እያቀባበለ እስከ መጨረሻው ግስ ይወስደናል። እንግሊዝኛ ግን ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገር በኮማ ብቻ ከተያያዘ ስህተት ነው ይላል። ወይ ነጥብ፣ ወይ ሴሚኮለን፣ ወይ ከኮማው ቀጥሎ እንደ «በት» ወይም «ሶ» ያለ ማያያዣ ይፈልጋል። እኔ ኮማ ብቻ ያለበትን ሳየው ምንም አይሰቀጥጠኝም። ለጆሮዬ ልክ ነው። ስለዚህ ጆሮዬን ማመን ተውኩ። ኮማ ባየሁ ቁጥር እቆማለሁ። ከግራው ያለው ለብቻው ይቆማል? ከቀኙ ያለውስ ለብቻው ይቆማል? ሁለቱም ከቆሙ ኮማ ብቻውን አይበቃም። ይህች አንዲት ጥያቄ ብዙ ነጥብ መልሳልኛለች።

ሌላው ባለቤትና ግስን ማስማማት ነው። «የመድኃኒቶቹ ዝርዝር ጠፋ» ስንል ከግሱ አጠገብ ያለው ዝርዝር ነው፤ የጠፋውም እሱ ነው። በእንግሊዝኛ ተገላቢጦሽ ነው። «ዘ ሊስት ኦፍ ሜዲኬሽንስ» ሲል ግሱ አጠገብ የተቀመጠው ሜዲኬሽንስ ነው። ዓይናችን እሱን ያይና «አር» ይመርጣል። ባለቤቱ ግን ሊስት ስለሆነ መልሱ «ኢዝ» ነው። ልምምድ ስሠራ «ኦፍ» ካለበት ጀምሮ እስከ ግሱ ያለውን በእርሳስ እሰርዘው ነበር። ፈተናው ላይ ስክሪን ነውና በጣቴ ሸፈንኩት።

የቃላቱ ክፍል ለእኛ ለሥራው ቅርብ ነው። ቃል በቃል ከመሸምደድ ይልቅ ቁርጥራጮቹን ያዙ። ሃይፐር ከመጠን በላይ ነው፤ ሃይፖ ከመጠን በታች። ብራዲ ዝግተኛ፣ ታኪ ፈጣን። ኔፍሮ ኩላሊት፣ ሄፓቶ ጉበት። መጨረሻው ላይ አይቲስ ካለ የተቆጣ ነገር አለ ማለት ነው። በየቀኑ ሥራ ላይ የምንሰማቸው ቃላት ናቸው። እኔ የሰማሁትን ቃል በኢንዴክስ ካርድ እየጻፍኩ ዩኒፎርሜ ኪስ ውስጥ እይዝ ነበር።

ንባቡ ሌላ ነገር አስተምሮኛል። አንድ የልምምድ ጽሑፍ ስለ አረጋውያን ነበር። ቤት ውስጥ እንዳይወድቁ ምንጣፉ ይነሳ፣ መብራቱ ይብራ ይላል። ከምርጫዎቹ አንዱ መድኃኒትም ማዞር እንደሚያመጣ ይናገራል። እውነት ነው፤ በየሌሊቱ የማየው ነው። እሱን መረጥኩ፤ ስህተት ሆነ። ጽሑፉን መልሼ ባነበው ስለ መድኃኒት አንድም ቃል የለበትም። ሥራችንን ማወቃችን እዚህ ጋ ይጎዳናል። ንባብ ክፍል ውስጥ የምታውቁትን በር ላይ አስቀምጡት። መልሱን ስትመርጡ «ይህን የሚለው የቱ መስመር ነው?» በሉ። መስመሩን በጣታችሁ መንካት ካልቻላችሁ መልሱ እሱ አይደለም።

ለአንድ የንባብ ጥያቄ የሚደርሰው 73 ሰከንድ ገደማ ነው። መጀመሪያ ጥያቄውን፣ ቀጥሎ ጽሑፉን ማንበብ ረዳኝ። ምን እንደምፈልግ አውቄ ነው የምገባው። ከሁሉ በላይ የረዱኝ ግን እናት ናቸው። ሌሊት የምጠብቃቸውን አሮጊት ነው እናት የምላቸው። ዓይናቸው ደክሟል። ጠዋት ሺፍቴ ከማለቁ በፊት ጋዜጣ እንዳነብላቸው ይወዳሉ። እንደወደቅኩ ስነግራቸው ምንም አላሉም። በማግስቱ አንድ ጽሑፍ አንብቤ ስጨርስ «እና ሰውየው ምን ማለቱ ነው?» አሉኝ። ከላይ እስከ ታች መልሼ ተረክሁላቸው። እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። «ያንን እኔም ሰምቻለሁ። በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሪኝ» አሉ። አልቻልኩም። በየጠዋቱ ጠየቁኝ። ገና ከማለፉ በፊት ቻልኩ። ዋና ሐሳብ የሚለው ጥያቄ ይህ ነው፤ ጽሑፉ ስለ ምን እንደሆነ ሳይሆን ስለዚያ ነገር ምን እንደሚል ነው የሚጠይቀው። በእናንተ ቤት የሚሰማችሁ ሰው ከሌለ ስልካችሁ ላይ ራሳችሁን ቅዱና መልሳችሁ ስሙት።

ሒሳብ ላይ ብዙ አልቆይም። አገር ቤት የተማረ ሰው ክፍልፋይና ፐርሰንት አይከብደውም። ካልኩሌተር ይዞ መግባት አይፈቀድም፤ ስክሪኑ ላይ መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል የሚችል አለ። የሚከብደን መለኪያው ነው። እኛ በሊትርና በኪሎ ነው ያደግነው። አውንስ፣ ፓይንት፣ ኳርት ሲባል ጭንቅላቴ ውስጥ ምንም ሥዕል አልነበረም። መፍትሔው ኩሽና ውስጥ ነበር። የጋሎን ወተት ጠርሙሱ ላይ 3.78 ሊትር ይላል። አንድ ጋሎን አራት ኳርት ነው፤ አንድ ኳርት ሁለት ፓይንት፤ አንድ ፓይንት ሁለት ካፕ፤ አንድ ካፕ ስምንት አውንስ። ባዶውን የወተት ጠርሙስ በካፕ ውሃ እየሰፈርኩ ሞላሁት። ልጄ ቆማ ቆጠረችልኝ። አሥራ ስድስት። ከዚያ ወዲህ ረስቼው አላውቅም። ሰው ስንመዝን ደግሞ አንድ ኪሎ 2.2 ፓውንድ ነው። አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር።

የልብን ነገር ደግሞ በቤታችን ነው ያጠናሁት። ቅደም ተከተል አስይዙ የሚለው ጥያቄ ስለሚያስፈራኝ አፓርታማችንን ልብ አደረግኩት። መግቢያው በር ከሰውነት የተመለሰው ደም የሚገባበት ነው። ሳሎኑ ቀኝ አትሪየም፣ ኩሽናው ቀኝ ቬንትሪክል፣ በመሀላቸው ያለው ደፍ ትራይከስፒድ ቫልቭ። ከኩሽና ወደ በረንዳ እወጣለሁ፤ በረንዳው ሳንባ ነው፤ አየር የሚገኘው እዚያ ነውና። ከበረንዳ ወደ ልጄ መኝታ ቤት እገባለሁ፤ ግራ አትሪየም። በማይትራል ቫልቭ አልፌ ወደ እኛ መኝታ ቤት፤ ግራ ቬንትሪክል። ከዚያ ኮሪደሩ አዎርታ ነው፤ ወደ መላው ሰውነት ያወጣኛል። እየዞርኩ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ። በአማርኛ ማስረዳት ያልቻልኩትን ነገር በእንግሊዝኛም ሸምድጄው እንጂ ገብቶኝ እንዳልሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው።

ኬሚስትሪውን አትፍሩት። ስምንት ጥያቄ ነው። የአቶም ክፍሎች፣ የፔሪዮዲክ ሠንጠረዡ አነባበብ፣ ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝ፣ እኩልታ ማመጣጠን፣ አሲድና ቤዝ። ፒኤች ከ7 በታች አሲድ፣ ከ7 በላይ ቤዝ፤ የደማችን ከ7.35 እስከ 7.45 ነው። ሁለት ሳምንት ብትሰጡት ይበቃዋል።

ጊዜዬን እንዲህ ነበር የምከፍለው። ከሥራ ስመጣ መጀመሪያ እተኛለሁ። እንቅልፍ ሰርቄ ያጠናሁት ሁሉ ውሃ በልቶታል። ስነሳ ልጄ ከትምህርት ቤት እስክትመጣ አንድ ሰዓት ተኩል አለኝ። አንድ ሰዓቱ ለንባብና ለእንግሊዝኛ ነው። የቀረው ለሳይንስ። ሒሳብ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ላይብረሪ እገባለሁ፤ ባለቤቴ ልጃችንን ይይዛል። በየሁለት ሳምንቱ ሙሉ ፈተና ሰዓት ይዤ እሠራለሁ። ሦስት ሰዓት ተኩል ቁጭ ማለት ራሱ ልምምድ ይፈልጋል። እንግሊዝኛው መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ሰው ሲደርስበት ደክሞት ነው። መጀመሪያ ጊዜ እኔን የጣለኝ አንዱ ይህ ነው፤ የመጨረሻዎቹን ስምንት ጥያቄዎች ሳላነባቸው ነበር የሞላኋቸው።

ሁለተኛው ፈተናዬ በማርች 2023 ነበር። ዐቢይ ጾም ገብቷል። ፈተናው በጠዋት ነው። ንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ በባዶ ሆድሽ አትግቢ። ቀምሰሽ ግቢ፤ የቀረውን እኔና አንቺ በጸሎት እንሞላዋለን» አሉኝ። የጾም ፍርፍር በልቼ ሄድኩ። ቤቴ ሆኜ በካሜራ ልፈተን እችል ነበር። ግን ቤታችን ጠባብ ነው፤ ልጄ «ማሚ» ብላ ብትገባ ምን ሊሆን እንደሚችል ሳስበው ተውኩት። ማዕከል ሄጄ ወሰድኩ። ከዋዜማው አንድ ቀን ቀደም ብዬ መንገዱንና መኪና ማቆሚያውን አይቼ ተመልሻለሁ። መታወቂያዬ ላይ ያለው ስምና የተመዘገብኩበት ስም ፊደል በፊደል አንድ መሆኑንም አረጋግጫለሁ። የአባትና የአያት ስም ለሚቀያየርብን ለእኛ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ውጤቱ 82.7 መጣ። ንባብ 31፣ ሒሳብ 32፣ ሳይንስ 35፣ እንግሊዝኛ 26። ከመጀመሪያው 32 ጥያቄ ጨምሬያለሁ። ከእነሱ ውስጥ ሒሳብ የሰጠኝ ሦስት ነው። ሳይንስ ሰባት። ሃያ ሁለቱ የመጡት ከንባብና ከእንግሊዝኛ ነው፤ ያን ሁሉ ወር «ነገ» ስላቸው ከነበሩት። ጁን ላይ የመግቢያ ደብዳቤው ደረሰኝ።

ስለ ማስረጃ አንድ ነገር ልበል። የአገር ቤት ዲግሪ ያላችሁ ትራንስክሪፕቱን ማስመጣትና ማስገምገም ወራት ሊወስድ ይችላል። ለፈተና ማጥናት በጀመራችሁበት ሳምንት ይህንንም ጀምሩ። እኔ ወንድሜን በውክልና ልኬ ነው ያስጨረስኩት፤ ሦስቴ ተመላልሷል። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከቲስ ሌላ የኮርስ ውጤታችሁን አብረው ነጥብ ያደርጉታል። አናቶሚ ላይ የያዛችሁት ኤ ከቲስ እኩል ሊጠቅማችሁ ይችላል።

ባለፈው ሳምንት ሥራ ቦታ አዲስ የገባች ልጅ መጽሐፍ ይዛ መጣች። «እትዬ፣ ይሄን እያጠናሁ ነው» አለችኝ። ሽፋኑን አየሁት። ስድስተኛው ዕትም ነው። ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩና የትኛው ትምህርት ቤት ማመልከት እንደምትፈልግ ጠየቅኋት። ገና አልመረጠችም። ሁለታችንም ስልካችንን አውጥተን ሦስት ፕሮግራሞች አየን፤ ኢሜይሉን እዚያው ጻፈች። የፊታችን እሑድ ላይብረሪ ገብታ የመጀመሪያውን የልምምድ ፈተና ትወስዳለች። ልጇን እኔ ጋ ትተዋለች።